አነስተኛ የቅንጦት ኤስዩቪ ለቤተሰብ፦ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚገዙ የንጽጽር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ቤተሰብ ከቶዮታ ካምሪ ወይም ከሆንዳ ሲአር-ቪ ወጥቶ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መኪና ለመግዛት ሲያስብ፣ ዓይኑ በአብዛኛው የሚያርፈው አምስት ሰው በሚይዙት፣ ከሴዳን ከፍ፣ ከትልልቆቹ ኤስዩቪዎች ደግሞ ዝቅ በሚሉት የቅንጦት መኪናዎች ላይ ነው። ሌክሰስ ኤንኤክስ፣ ቢኤምደብሊው ኤክስ3፣ መርሴዲስ ጂኤልሲ፣ ቮልቮ ኤክስሲ60፣ ጀነሲስ ጂቪ70፣ አኩራ አርዲኤክስና አውዲ ኪው5 በዚህ መደብ የሚሰለፉ ናቸው። የአዲሶቹ መነሻ ዋጋ ከ45 ሺህ እስከ 55 ሺህ ዶላር ባለው ክልል የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ሁሉም ምቹ ወንበርና ሰፊ ስክሪን ይዘው ስለሚመጡም፣ ዲለር ግቢ ውስጥ ቆሞ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ገዢው ራሱ እምብዛም በማይቀመጥበት የኋላ ወንበር ላይና ዋስትናው ካለቀ በኋላ በሚመጡት ዓመታት ነው፤ ይህ ጽሑፍም መኪናዎቹን በዋነኛነት የሚመዝነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የኋላ ወንበር ነው። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ሕግ ልጅ 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፊቱን ወደ ኋላ በሚያዞር ካር ሲት (የልጅ መኪና ወንበር)፣ ከዚያም 8 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለዕድሜውና ለክብደቱ በሚመጥን ካር ሲት ወይም ቡስተር (ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) ላይ ተቀምጦ መጓዝ ይኖርበታል፤ በክብደትና በቁመት የሚፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች እንዳሉ ሆነው። ስለዚህ አራስ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከካር ሲት ጋር የሚኖረው ብዙ ሰው አንድ መኪና ይዞ ከሚቆይበት ጊዜ በላይ ነው። ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት ከፊት ወንበር ጀርባ የሚወስደው ቦታ ቀላል አይደለም፤ አባትየው ረጅም ከሆነ ወይም እናትየው ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መንዳት የምትወድ ከሆነ፣ ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር እየተነካካ የሚነዳበት ሁኔታ ይፈጠራል። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የእግር ቦታ ልኬት ይህን አይናገርም። ካር ሲቱን ከቤት ይዞ ሄዶ፣ ገጥሞ፣ ከፊቱ ተቀምጦ ማየት ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ አይከለክልም።

የካር ሲት ማያያዣ የታችኛው መንጠቆዎች በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ በሁለቱ የዳር መቀመጫዎች ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ የመሃሉ መቀመጫ በአብዛኞቹ ጠባብና ወለሉ ከፍ ያለ ነው። ሦስት ካር ሲት ጎን ለጎን መደርደር የሚያስፈልገው ቤተሰብ ይህን መደብ ጨርሶ ቢተወው ይሻለዋል። ሚኒቫን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ብዙ ናቸው፤ ቶዮታ ሲየና ወይም ሆንዳ ኦዲሲ ግን ለሦስት ልጅ ቤተሰብ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ሁሉ የተሻለ መኪና ነው።

ስለ ደህንነት ሲነሳ ደግሞ የአሜሪካው የሀይዌይ ደህንነት የኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ባሻሻለው የፊት ግጭት ፈተና ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ተሳፋሪ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ለብቻው ይለካል። ቤተሰብ የሚገዛ ሰው ተቋሙ ከሚሰጠው አጠቃላይ የደህንነት ሽልማት ይልቅ ይህን የኋላ ተሳፋሪ ውጤት፣ ያውም የሚገዛውን የሞዴል ዓመት ለይቶ፣ ቢመለከት መልካም ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ዕቃ ነው። ለእኛ ማኅበረሰብ ትክክለኛው ፈተና ደለስ ኤርፖርት ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ አንድ መንገደኛ በኢኮኖሚ ክፍል ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ይገባል፤ አያትና አክስት አብረው ከመጡ አራት ትልልቅ ሻንጣና ከላይ የታሰረ የበርበሬና የሽሮ ካርቶን ማለት ነው። ከኋላ ሁለት ካር ሲት ከተገጠመ ወንበሩን አጥፎ ቦታ መጨመር አይቻልም። በዚህ ረገድ የቅንጦት መኪና የበለጠ ገንዘብ ተከፍሎበት ያነሰ ቦታ የሚሰጥ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሲአር-ቪና ቶዮታ ራቭ4 ከኋላ ወንበር ጀርባ ከ36 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ሲይዙ፣ ከቅንጦቶቹ አንዱም እዚያ አይደርስም።

ሦስተኛው የዕለት ወጪ ነው። በዓመት 12 ሺህ ማይል የሚነዳ ቤተሰብ በጋሎን 39 ማይል በሚሄድና ሬጉላር (ተራ ቤንዚን) በሚጠጣ መኪና ወደ 308 ጋሎን ያቃጥላል፤ በጋሎን 26 ማይል በሚሄድና ፕሪሚየም (ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ውድ ቤንዚን) በሚጠይቅ መኪና ግን ወደ 462 ጋሎን። ሬጉላር 3.20፣ ፕሪሚየም 4.10 ዶላር ነው ብንል የመጀመሪያው ዓመታዊ ወጪ ወደ 985፣ የሁለተኛው ወደ 1,890 ዶላር ይሆናል። የ900 ዶላሩ ልዩነት የመጣው ከሁለት ነገር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ብዙ ሰው የማይሉን ቁጥር ያያል እንጂ የቤንዚኑን ዓይነት አይጠይቅም።

ታክሱም በየት እንደሚኖሩ ይለያያል። በቨርጂኒያ መኪናው በእጅ እስካለ ድረስ በየዓመቱ የንብረት ታክስ ይከፈልበታል። ፌርፋክስ ካውንቲ በየ100 ዶላሩ ግምት ከ4 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ የስቴቱ የታክስ እፎይታ የሚመለከተው ደግሞ የመጀመሪያውን 20 ሺህ ዶላር ግምት ብቻ ነው። በመሆኑም 50 ሺህ ዶላር የተገመተ መኪና ከእፎይታው ውጭ በሚቀረው 30 ሺህ ብቻ በመጀመሪያው ዓመት ከ1,200 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ግምቱ በየዓመቱ እየወረደ ቢሄድም ይህ ገንዘብ በወርሃዊ ክፍያ ስሌት ውስጥ አይታይም። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ዓመታዊ ታክስ የለባትም፤ በግዢ ጊዜ የምትወስደው ግን ከቨርጂኒያው 4.15 በመቶ ይበልጣል፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮም 6.5 በመቶ ሆኗል። መኪናውን ረጅም ጊዜ ለሚይዝ ሰው የሜሪላንዱ ይረክሳል።

አራተኛው ዋስትናው ሲያልቅ የሚመጣው ነው። ከእነዚህ ብራንዶች አብዛኞቹ የሚሰጡት የ4 ዓመት ወይም የ50 ሺህ ማይል ዋስትና ሲሆን ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። ከጀርመንታውን ወይም ከውድብሪጅ ዲሲ ድረስ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው 50 ሺህ ማይሉን ከ4 ዓመቱ አስቀድሞ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፦ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሐበሻ መካኒክ ይህን መኪና በድፍረት ይከፍተዋል? ወይስ ለእያንዳንዱ መብራት ወደ ዲለር መሄድ ነው? የፊት መስታወት ሲሰነጠቅ እንኳ ካሜራው እንደገና መስተካከል ስላለበት በድሮ መኪና ቀላል የነበረው ሥራ ዛሬ ውድ ሆኗል፤ የኢንሹራንስ ዋጋም ይህን ተከትሎ ይወጣል።

ሌክሰስ ኤንኤክስ

ኤንኤክስ በሦስት መልክ ይሸጣል፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል የተሳሳተውን መግዛት ቀላል ነው። ኤንኤክስ 350 ቱርቦ ሞተር ያለው፣ ፕሪሚየም የሚጠይቅ መኪና ነው። ኤንኤክስ 350ኤች ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ) ነው፤ በሬጉላር ቤንዚን በጋሎን በአማካይ 39 ማይል ይሄዳል። ኤንኤክስ 450ኤች ፕላስ ደግሞ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሞላና ወደ 37 ማይል ያለ ቤንዚን የሚሄድ ነው። ለቤተሰብ ዕለታዊ አገልግሎት የሚታሰበው መካከለኛው ነው። ሌክሰስ የቶዮታ ብራንድ ነውና ባለ 2.5 ሊትር ሞተሩ ከራቭ4 ሃይብሪድ ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆኑ ብዙ መካኒክ ያውቀዋል፤ የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ሲሆን፣ የሞተርና የካምቢዮው 6 ዓመት ወይም 70 ሺህ ማይል ነው።

ጉድለቱን ሳይናገሩ ማለፍ ግን ተገቢ አይደለም። በቤልትዌይ (ዲሲን በሚዞረው የቀለበት አውራ ጎዳና) መግቢያ ላይ ነዳጁን ጠለቅ አድርጎ ሲረግጡት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው እንደ ጩኸቱ አይፈጥንም። የኋላ እግር ቦታው ጠባብ ነው፤ የዕቃ መጫኛው 22.7 ኪዩቢክ ጫማ ሲሆን ወለሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ረጅም ሻንጣ ማቆም አይቻልም። በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ቁልፍ ሲሆን፣ ከኋላ ብስክሌት ወይም መኪና እየመጣ ከሆነ በሩ እንዳይከፈት ሊያግደው ይችላል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ዘሎ ለሚወርድ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዳ የሆኑ አያት ግን ቁልፉን ስለማያውቁት እጀታውን ይስባሉ፣ አይከፈትም፣ ይጨነቃሉ፤ ሁለት ጊዜ ከተሳበ በሜካኒካል እንደሚከፈት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ቢኤምደብሊው ኤክስ3

ይህን ስም የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመንዳት ስሜት ብሎ ነው፤ የሚገርመው ግን በቤተሰብ መመዘኛ ጭምር ከአውሮፓውያኑ ሁሉ ጠንካራው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሞዴል በአዲስ መልክ የወጣው «ኤክስ3 30» የሚባለው ሞዴል 255 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በጋሎን በአማካይ ወደ 29 ማይል ይሄዳል፤ ከኋላ ወንበር ጀርባ 31.5 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል። አራት ማዕዘን የሆነው የዕቃ ቦታ የታጠፈ የልጅ ጋሪን ከጎኑ ሻንጣ ጋር ያስተናግዳል። የኋላ ወንበሩም በዚህ መደብ ውስጥ ሰፊ ከሚባሉት ነው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ወይም 36 ሺህ ማይል የተለመደው ሰርቪስ በኩባንያው ወጪ ይሠራል።

ውስጡ ከቀድሞው ትውልድ ይልቅ ፕላስቲክ በዝቶበታል፤ ብዙ ነገር በስክሪን ውስጥ ገብቷል። ተጠባባቂ ጎማ በአብዛኛው የለውም፤ በምትኩ አየር ቢወጣም ጥቂት ማይል የሚሄድ ረን-ፍላት ጎማ ይገጠምለታል። ይህ ጎማ ደረቅና ውድ ነው፣ በክረምት መጨረሻ የዲሲ መንገድ ጉድጓድ ሲበዛበት ደግሞ ይፈነዳል። ትልቅ ቸርኬ ያለውን አማራጭ መተው በዚህ ከተማ ብልህነት ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ከ50 ሺህ ማይል በኋላ ነው፦ ሞተሩ ጠንካራ ቢሆንም በዕድሜ ብዛት የሚመጣ የዘይትና የኩላንት መፍሰስ በዚህ ብራንድ የታወቀ ስለሆነ፣ እስከ 120 ሺህ ማይል እይዘዋለሁ የሚል ሰው በየዓመቱ ለጥገና ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ለሦስት ዓመት የሚይዘው ግን ይህ አይመለከተውም።

ቮልቮ ኤክስሲ60

ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶን ለዓለም ያስተዋወቀ ኩባንያ ነው፤ በዚህ ምክንያት ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ ስሙን ያነሳል። ዛሬ ግን ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በግጭት ፈተና ጥሩ ውጤት ስለሚያመጡ ለስም ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ኤክስሲ60ን የሚያስመርጠው ሌላ ነው፤ ወንበሮቹ ረጅም መንገድ ወገብ አያሳምሙም፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ከፍታው ለአዛውንት ምቹ ነው።

ተራው ቢ5 ፕሪሚየም እየጠጣ በጋሎን ወደ 26 ማይል ይሄዳል። ቲ8 የሚባለው ተሰኪ ሃይብሪድ 455 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ወደ 35 ማይል በኤሌክትሪክ ብቻ ይጓዛል። የግል ጋራዥና ሶኬት ያለው፣ ሥራው ቅርብ የሆነ ቤተሰብ ሳምንቱን ያለ ቤንዚን ሊያሳልፍ ይችላል። በአፓርትመንት የሚኖርና ማታ የሚሰካበት የሌለው ሰው ግን ቲ8ን ከገዛ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ የሚዞር ውድ የቤንዚን መኪና ገዛ ማለት ነው። እስከ 7,500 ዶላር ይደርስ የነበረው የፌዴራል የታክስ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለሚገዙ መኪናዎች ስለቆመ፣ የድሮውን ስሌት ይዞ መሄድ አይገባም። ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ሳይቀር በስክሪን መታዘዙ በጓንት እጅ ለሚነዳ ሰው ያናድዳል።

ጀነሲስ ጂቪ70 እና አኩራ አርዲኤክስ

ጂቪ70 በውስጡ አሠራር ከጀርመኖቹ በልጦ ይታያል፤ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦው 300 የፈረስ ጉልበት አለው። ዋስትናው ከሁሉም ይረዝማል፤ አጠቃላዩ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል፣ የሞተርና የካምቢዮው ደግሞ 10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው። ረጅሙ ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት መሆኑን፣ መኪናው ለኡበርና ለመሰል ሥራ ከዋለ ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ማንበብ የግድ ነው፤ በእኛ ሰፈር ቅዳሜና እሑድ አፑን የሚከፍት ሰው ብዙ ነውና። የኋላ ወንበሩ ጠበብ ያለ ነው፣ በጋሎን ወደ 24 ማይል ብቻ ይሄዳል።

አርዲኤክስ ዕድሜው የገፋ ንድፍ ነው። ስክሪኑ በጣት በሚዳሰስ ሰሌዳ ስለሚታዘዝ እስኪለመድ ያስቸግራል። ሆኖም 29.5 ኪዩቢክ ጫማ ዕቃ ይይዛል፣ ከወለሉ ሥር የተደበቀ ተጨማሪ ጎድጓዳ ቦታ አለው፣ የኋላ ወለሉም ጠፍጣፋ ስለሆነ መሃል የሚቀመጠው ሰው አይሰቃይም። አኩራ የሆንዳ ብራንድ ስለሆነ የሆንዳ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። በአዲስ ዋጋ ብዙም አያጓጓም፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሞላው ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ በዶላር ብዙ የሚሰጠው ነው።

መርሴዲስ ጂኤልሲ እና አውዲ ኪው5

ጂኤልሲ 300 ከሁሉም ጸጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ የሚገዛው ሰው ለምን እንደሚገዛው ያውቃል። የዕቃ ቦታው ወደ 22 ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ ልጅ የነካው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ገጽ ሁሉ የጣት አሻራ ይይዛል፣ አማራጭ መሣሪያዎቹ ዋጋውን በፍጥነት ያንሩታል። ኪው5 በአንዱም መመዘኛ መጨረሻ አይወጣም፣ በአንዱም አንደኛ አይሆንም፤ ጥሩ ቅናሽ ከተገኘ ብቻ የሚታይ ነው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መኪና | ቤንዚን | ማይል በጋሎን (በአማካይ) | የዕቃ ቦታ (ኪዩቢክ ጫማ) | የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና | የኋላ ወንበር |
|---|---|---|---|---|---|
| ሌክሰስ ኤንኤክስ 350ኤች | ሬጉላር | 39 | 22.7 | 6 ዓመት/70 ሺህ ማይል | ጠባብ |
| ቢኤምደብሊው ኤክስ3 30 | ፕሪሚየም | ወደ 29 | 31.5 | 4 ዓመት/50 ሺህ ማይል | ሰፊ |
| ቮልቮ ኤክስሲ60 ቢ5 | ፕሪሚየም | ወደ 26 | ወደ 22 | 4 ዓመት/50 ሺህ ማይል | መካከለኛ፣ ምቹ |
| መርሴዲስ ጂኤልሲ 300 | ፕሪሚየም | ወደ 26 | ወደ 22 | 4 ዓመት/50 ሺህ ማይል | መካከለኛ |
| ጀነሲስ ጂቪ70 2.5 | ፕሪሚየም | ወደ 24 | 28.9 | 10 ዓመት/100 ሺህ ማይል (የመጀመሪያ ባለቤት) | ጠበብ ያለ |
| አኩራ አርዲኤክስ | ፕሪሚየም | ወደ 23 | 29.5 | 6 ዓመት/70 ሺህ ማይል | ሰፊ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ |
| አውዲ ኪው5 | ፕሪሚየም | ወደ 25 | ከ25 በላይ | 4 ዓመት/50 ሺህ ማይል | መካከለኛ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

መኪናውን ገዝቶ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ለሚይዝ፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ላለውና በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ቤተሰብ ኤንኤክስ 350ኤች ከሌሎቹ ርቆ የሚቀድም ምርጫ ነው፤ ጠባብነቱን ካር ሲት ገጥመው ከፈተሹት በኋላ ከተስማሙበት ማለት ነው። ካልተስማሙበት ወደ ትልቅ የቅንጦት መኪና ከመዝለል ይልቅ ሙሉ መሣሪያ ያለውን ራቭ4 ወይም ሲአር-ቪ ሃይብሪድ መመልከት ያዋጣል። የቆዳ ወንበርና ጥሩ ድምፅ ማጉያ እዚያም አለ፤ የሚቀረው የስሙ ክብርና የጸጥታው ደረጃ ነው፣ ለዚያ ስንት መክፈል እንደሚገባ የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

በየሦስት ዓመቱ መኪና መቀየር የሚፈልግ ሰው ኤክስ3ን በሊዝ ቢይዝ ጥሩውን ዘመኑን ወስዶ ውዱን ዘመን ለሌላ ይተዋል። በማስታወቂያ የሚታየው ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ ግን ብዙውን ጊዜ በዓመት 10 ሺህ ማይል ላይ የተሰላ ነው፤ ከዚያ ለሚያልፈው እያንዳንዱ ማይል በተለምዶ ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ይጠየቃል። በዓመት 15 ሺህ የሚነዳ ሰው በሦስት ዓመት 15 ሺህ ማይል ስለሚተርፍበት በመጨረሻ እስከ 4,500 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ማይሉን ከመነሻው አስጨምሮ መዋዋል ይረክሳል። የቨርጂኒያ ነዋሪ ደግሞ በሊዝ የያዘው መኪና የንብረት ታክስ ለእርሱ እንደሚተላለፍ በውሉ ላይ ያረጋግጥ።

ከ35 ሺህ ዶላር በላይ ለማውጣት ያልተዘጋጀ ቤተሰብ አዲስ አይግዛ። ሦስት ዓመት የሞላው አርዲኤክስ ወይም ኤንኤክስ በዲለር ዋስትና ተረጋግጦ ሲገኝ ትልቁን የዋጋ መውረድ የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎታል። ያገለገለ ጂቪ70 ሲገዙ የቀረውን ዋስትና በሻሲ ቁጥሩ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ያገለገለ ጀርመን ሠራሽ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ሲረክስ ደግሞ የረከሰበት ምክንያት አለው። «በኋላ ለአገር ቤት ይሄዳል» የሚለው የድሮ ስሌትም ዛሬ አይሠራም፤ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች።

አራቱንም ጎማ የሚነዳ ኃይል በበረዶ ላይ ለመነሳት ይረዳል፤ ለመቆም ግን የሚረዳው ጎማው ነው። በዚህ አካባቢ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚጥል በረዶ ጥራት ያለው የሁሉም ወቅት ጎማ ይበቃል። ከመፈረም በፊት ለተመረጠው የቸርኬ መጠን የአራት ጎማ ዋጋ መጠየቅ፣ ኢንሹራንስ ድርጅት ጋር በሻሲ ቁጥሩ ትክክለኛ ዋጋ ማውጣት፣ ካር ሲቱን መግጠም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባልም ሚስትም በየተራ ከኋላ ተቀምጠው ሌላኛው 20 ደቂቃ በቤልትዌይ እንዲነዳ ማድረግ ያስፈልጋል።